የአክሲዮን ባለቤትነት መፈለጊያ ቱል ከሠራችሁ ዶክመንቱን እንዲህ ጻፉት

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። እዚህ ሜሪላንድ አብረን እቁብ የምንጥል ልጆች ትንሽ ትንሽ አክሲዮን እንገዛለን፣ እኔ ደሞ ኮድ ስለምጽፍ አንድ የፓይተን ስክሪፕት ሠርቼ ሰጠኋቸው፣ የኩባንያውን ቲከር (ገበያ ላይ የሚጠራበትን አጭር ስም) ስትሰጡት ማን እንደገዛ ማን እንደሸጠ ከኤስኢሲ፣ ከአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ፣ አምጥቶ በሰንጠረዥ ያወጣል፣ ስሙንም ባለድርሻ አልኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማታ 5 ሰዓት ላይ አንዱ ስለ አንድ ኩባንያ ኃላፊ ደወለና «ስማ፣ ሰውዬው አክሲዮኑን እያራገፈ ነው እኮ፣ እኛ ምን እንጠብቃለን?» አለኝ። ከፍቼ ሳየው ሰውዬው አንዲት ሼር አልሸጠም። በደሞዝ መልክ የተሰጠው አክሲዮን እጁ ሲገባ ኩባንያው የታክሱን ያህል ቆርጦ አስቀርቶበት ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ያለው የግብይት ኮድም ኤፍ ይላል። ቱሉ አልተሳሳተም፣ ዳታውም አልተሳሳተም፣ ጓደኛዬም ቢሆን ያየውን ነው ያነበበው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሪድሚው (ከቱሉ ጋር የሚሄደው መመሪያ) ላይ የጻፍኩት «እንዲህ አርጋችሁ ጫኑት፣ ይቺን ኮማንድ ስጡት» ብቻ ነበር።

ኮማንድማ ሰው ሞክሮም ያገኘዋል። ሞክሮ የማያገኘው ቁጥሩ ምን ማለት እንዳልሆነ ነው፣ ስለዚህ የዚህ ዓይነት ቱል ዶክመንት ትልቁን ቦታ ለሱ መስጠት አለበት። ከታች ያለው እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስጽፈው የሄድኩበት ቅደም ተከተል ነው። ቃላቶቹን እዚህ በፊደላችን አድርጌያቸዋለሁ፣ ኮዱ ውስጥ ያው በላቲን ናቸው፣ ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ፣ ፎርሙን ከዛ በኋላ

ማንም ሰው «ዛሬ ፎርም 4 ልይ» ብሎ አይመጣም። «አለቆቹ እየገዙ ነው እየሸጡ?» ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የዶክመንቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዳታው ከየት እንደሚመጣ በአንድ መስመር ተናገሩ፣ ማለትም ኤድጋር ከሚባለው የአሜሪካ ሴኩሪቲስ ኤንድ ኤክስቼንጅ ኮሚሽን (ኤስኢሲ) ሲስተም ነው፣ ነጻ ነው፣ ለማንበብ አካውንት አያስፈልግም በሉ፣ ከዛ ጥያቄና ፎርም ጎን ለጎን አስቀምጡ። የኔ እንዲህ ይላል፦

«ኃላፊዎቹ ገዙ ወይስ ሸጡ?» ፎርም 4። የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች፣ የቦርድ አባላትና ከ10 በመቶ በላይ የያዙ ባለአክሲዮኖች ግብይት በፈጸሙ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ያስገቡታል። ሰውዬው መጀመሪያ ወደዛ ቦታ ሲመጣ የሚያስገባው ፎርም 3 ነው፣ እሱ 10 ቀን አለው። ፎርም 5 ደሞ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ የቀረ ነገር ካለ የሚገባ ነው።

«ከኩባንያው 5 በመቶ በላይ ማን ያዘ?» 13ዲ እና 13ጂ። በጅምላው ሲታይ ኩባንያው ላይ ተጽዕኖ ማሳደር የሚፈልገው 13ዲ ያስገባል፣ ዝም ብሎ የያዘው 13ጂ።

«ያ ትልቅ ፈንድ ምን ምን ይዟል?» 13ኤፍ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር ጀምሮ የተዘረዘረ አክሲዮን የሚያስተዳድር ተቋም ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ45 ቀን ውስጥ የሚያስገባው ዝርዝር ነው።

«ሊሸጥ ያሰበ የውስጥ ሰው አለ?» ፎርም 144፣ እሱ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ነው የሚገባው።

እና ከዚሁ ስር፣ ሳትርቁ፣ ቱሉ የማይመልሰውን ጻፉ። የኩባንያው ሙሉ የባለአክሲዮን ዝርዝር ኤድጋር ላይ የለም። በብሮከር በኩል 50 ሼር የያዘ ሰው የትም አይታይም። አንዱ ጓደኛችን የራሱን ስም አስገብቶ «አይሠራም» ብሎ ነበር፣ ሳቅንበት ግን እውነቱን ነው፣ አይሠራም ያልኩበት ቦታ አልነበረም።

2. አጫጫኑ አጭር ይሁን፣ 403 ግን ይኑር

ፓይተን ጫኑ፣ ፎልደሩን አውርዱ፣ ኮማንዱን ስጡ፣ ይሄ ሦስት መስመር ነው። ከዛ በላይ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ዩዘር ኤጀንት የሚባለው። ኤስኢሲ በፕሮግራም ዳታ የሚጎትት ሰው ማንነቱንና ኢሜይሉን በዛ መስመር እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። ባዶ ከሆነ ወይም ላይብረሪው ራሱ በሰጠው ስም ከሄደ 403 የሚል ኤረር ይመጣል፣ ራሱን ያላስታወቀ አውቶማቲክ ቱል ነህ የሚል ገጽ ያሳያችኋል። አዲስ ሰው ይሄን ሲያይ «አግደውኛል» ብሎ ነው የሚደነግጠው። ስለዚህ ኤረሩን እንዳለ ገልብጣችሁ ዶክመንቱ ላይ ለጥፉት፣ ምክንያቱም ሰው ሰርች የሚያደርገው ኤረሩን ነው፣ ከሱ ስር ደሞ «ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ስምህንና ኢሜይልህን ሙላ» በሉ። የራሳችሁን ኢሜይል ኮዱ ውስጥ አስገብታችሁ እንዳታከፋፍሉት አደራ፣ ሌላው ሰው ያለ ልክ ሲጎትት የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ልኩ በሰከንድ 10 ጥያቄ ነው። ቱላችሁ ራሱ ከዛ በታች እንዲሄድ አርጉትና ያንኑ ጻፉ፣ «ትንሽ ይዘገያል፣ ሆን ተብሎ ነው» በሉ፣ አለበለዚያ አንድ ጎበዝ መጥቶ ላፋጥነው ይላል።

3. ማን ማን እንደሆነ

ኤድጋር ሰውንም ኩባንያንም የሚያውቀው በቲከር አይደለም፣ ሲአይኬ በሚባል ቁጥር ነው። አፕል 320193 ነው፣ በርክሻየር ሃታዌይ 1067983። ኤፒአዩ (ፕሮግራም ዳታ የሚጠይቅበት በር) ግን 10 አኃዝ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፊቱ በዜሮ ይሞላል፣ የአፕል 0000320193 ይሆናል። ቱሉ ቲከርን ወደ ሲአይኬ የሚቀይርበት ፋይል ኤስኢሲ ራሱ ያወጣዋል፣ ያንን አንዴ አውርዶ እንደሚያስቀምጥና መቼ እንደሚያድሰው ጻፉ።

እዚህ ላይ ኤክሴል የሚሠራውን ተንኮል ሳትጠቅሱ እንዳታልፉ። የአፕል አክሲዮን ኪዩሲፕ (የአክሲዮኑ መለያ ኮድ) 037833100 ነው፣ ሰንጠረዡ የተቀመጠበትን የሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል ስትከፍቱት ፊተኛዋን ዜሮ ይበላታል፣ መሀሉ ላይ ኢ የምትባለው የላቲን ፊደል ያለችበት ኪዩሲፕ ከሆነማ ጭራሽ የሳይንስ ቁጥር ያደርገዋል፣ ከዛ ሁለት ፋይል ላገናኝ ስትሉ ግማሹ አይገጥምም። ዶክመንቱ ላይ «ይሄ ኮለም ጽሑፍ ነው፣ ኤክሴል ውስጥ ስታስገቡ ጽሑፍ በሉት» የሚል አንድ መስመር በቂ ነው።

የሰው ስም ሌላ ጣጣ አለው። ፎርም 4 ላይ የቤተሰብ ስም ነው የሚቀድመው፣ የአፕሉ ቲም ኩክ ኤድጋር ላይ ያለው «ኩክ ቲሞቲ ዲ» ተብሎ ነው። ለኛ ደሞ ይባስ ግራ ያጋባል፣ የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የሚል ቦታ ላይ አንዱ የአባቱን አንዱ የአያቱን ይሞላል፣ ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ስም ያለው ኃላፊ ስትፈልጉ በራሱ ስም ብቻ ጽፋችሁ «የለም» እንዳትሉ። ከኩባንያው ገብታችሁ የኃላፊዎቹን ዝርዝር ማየት ይሻላል።

4. ፎርም 4፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ከዶክመንቱ ሁሉ ብዙ የለፋሁት እዚህ ነው፣ ያ ስልክ የመጣውም ከዚሁ ነዋ።

መጀመሪያ ቱሉ ጥሬውን ፋይል እንዴት እንደሚያገኝ ጻፉ፣ ነገ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ። የእያንዳንዱን ሲአይኬ ሪፖርቶች ዝርዝር በጄሰን (ፕሮግራም በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ) ታገኛላችሁ። አቀማመጡ እንደለመድነው አንድ ሪፖርት አንድ ሳጥን አይደለም፣ ኮለም በኮለም ነው፣ የፎርሙ ዓይነት ለብቻ ሊስት፣ ቀኑ ለብቻ ሊስት፣ የደረሰኝ ቁጥሩ (የሪፖርቱ መለያ) ለብቻ ሊስት፣ አምስተኛው ከአምስተኛው ጋር ነው የሚገጥመው። ሌላው ደሞ ዋናው ሰነድ የሚለው አድራሻ ፎርም 4 ላይ ሲሆን ፊቱ ላይ በኤክስኤስኤል የሚጀምር ፎልደር አለው፣ እሱን ሳትቆርጡ ካወረዳችሁ የሚመጣው ለዓይን ተብሎ የተዋበው ገጽ ነው፣ ቆርጣችሁት ስትሄዱ ግን ጥሬው ኤክስኤምኤል ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። እኔ በዚች አንድ ሙሉ ቅዳሜ ነው ያለቀብኝ፣ የኤችቲኤምኤል ሰንጠረዥ በእጄ ስበጣጥስ ዋልኩ።

ከዛ ወደ ኮዶቹ። ሁሉንም አትደርድሩ፣ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥመውን በተራ ቋንቋ ንገሩት። ፒ ማለት በገበያ ወይም በግል ስምምነት ከኪሱ ከፍሎ ገዛ። ኤስ ማለት እንደዛው ሸጠ። ኤ ከኩባንያው ተሰጠው። ኤም ኦፕሽን (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት) ወይም ቃል የተገባለትን አክሲዮን ወደ አክሲዮን ቀየረ። ኤፍ ለታክስ ወይም ለኦፕሽኑ ዋጋ ተቆረጠ። ጂ ስጦታ ነው፣ ሰውዬው ስጦታ ከሰጠ ከፌብሩዋሪ 2023 መጨረሻ ወዲህ እሱም በ2 የሥራ ቀን ይገባል፣ ድሮ እስከ ፎርም 5 ድረስ ይቆይ ነበር።

አሁን ምሳሌ አሳዩ፣ ያለ ምሳሌ ማንም አይገባውም። እኔ ያስቀመጥኩት ይሄንን ነው፣ ቁጥሮቹ የፈጠርኳቸው ናቸው፣ ቅርጹ ግን በየሳምንቱ የምታዩት ነው፦

ኤም፣ ገቢ፣ 10,000 ሼር፣ ዋጋ 0
ኤፍ፣ ወጪ፣ 4,500 ሼር፣ ዋጋ 80 ዶላር
ከዚህ በኋላ የያዘው፦ 65,500

ሰውዬው 60,000 ነበረው፣ 10,000 ገባለት፣ 4,500 ለታክስ ተቆረጠ፣ 65,500 ሆነ። ማለትም ድርሻው ጨመረ! የኔ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ግን «ወጪ» የሚለውን ሁሉ «ሸጠ» እያለ በቀይ ይጽፍ ነበር፣ 4,500 ሲባዛ 80 ደሞ 360,000 ዶላር ነው፣ ሰው በቀይ ቀለም 360,000 ካየ ሌላውን መስመር አያነብም። አሁን ኤፍን ግራጫ አድርጌ «ለታክስ የተቆረጠ፣ ሽያጭ አይደለም» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ዶክመንቱ ላይም ይሄ ምሳሌ ከነስሌቱ አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ማየት ያለባችሁ ፒ የሚለውን ኮድ ነው፣ ሰው በገዛ ገንዘቡ ሲገዛ ምክንያቱ አንድ ነው፣ ሲሸጥ ግን ቤት ሊገዛም ይሆናል፣ ሊፋታም ይሆናል።

ኤስ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ፎርሙ ላይ ሽያጩ አስቀድሞ በተያዘ 10ቢ5-1 በሚባል ፕላን የተደረገ እንደሆነ የሚሞላ ሳጥን አለ። ከወራት በፊት የተያዘ ፕላንና ትናንት ማታ የተወሰነ ሽያጭ እኩል መልእክት የላቸውም፣ ስለዚህ ያንን ኮለም አሳዩ፣ ከዛ በፊት ላሉት ሪፖርቶች ደሞ ባዶ መሆኑ «ፕላን የለውም» ማለት እንዳልሆነ ጻፉ፣ ሳጥኑ ገና አልነበረማ።

ሦስት የቴክኒክ ነገሮች ይጨመሩ። አንደኛ፣ ዳይሬክተር ነው ወይ የሚለው ቦታ አንዳንዱ ፋይል ላይ 1 ይላል፣ አንዳንዱ ላይ ትሩ ይላል፣ ኮዳችሁ አንዱን ብቻ ካወቀ ግማሹ የቦርድ አባል ይጠፋል። ሁለተኛ፣ አንድ ፎርም 4 ከአንድ በላይ ስም ሊኖረው ይችላል። በርክሻየር የኦክሲደንታል ፔትሮሊየምን አክሲዮን ሲገዛ ከ10 በመቶ በላይ ስለያዘ ፎርም 4 ነው ያስገባው፣ የበርክሻየርም፣ ለረጅም ዘመን የመራው የዋረን ቡፌትም ስም አለበት፣ ያው አንድ ግዢ ነው፣ በስም ከደመራችሁት ግን ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹን አትጣሉ። በአንድ ቀን በተለያየ ዋጋ የተሸጠው ብዙ ጊዜ በአማካይ ዋጋ አንድ መስመር ሆኖ ነው የሚገባው፣ ከስንት እስከ ስንት እንደተሸጠ የሚናገረው ማስታወሻው ነው። በሚስቱ ስም ነው፣ በትረስት ነው የሚለውም እዛው ነው ያለው።

5. 13ኤፍ፣ የሚጣፍጠውና የሚያሳስተው

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ቡፌት ምን ገዛ የሚለውን ስለሆነ ምሳሌውን በሱ አርጉት። በርክሻየር በ2023 መጨረሻ 905,560,000 የአፕል ሼር ነበረው፣ ጁን 30 ቀን 2024 ላይ 400 ሚሊዮን፣ ሴፕቴምበር 30 ላይ 300 ሚሊዮን። ቱላችሁ እነዚህን ካወጣ በትክክል እየሠራ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ይሄን ምሳሌም መፈተሻም አድርጋችሁ አስቀምጡት። ካላወጣ ደሞ ምናልባት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ ነው፣ ምክንያቱም የበርክሻየር ዝርዝር ላይ አፕል አንድ ጊዜ አይደለም የሚመጣው፣ በስሩ ባሉት ኩባንያዎች ተከፋፍሎ ብዙ መስመር ላይ ነው፣ በኪዩሲፕ ሰብስባችሁ መደመር አለባችሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ እኔንም የበላኝ ነው። እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ የገባው 13ኤፍ ዋጋውን የሚጽፈው በሺህ ዶላር ነበር፣ ከጃንዋሪ 3 ቀን 2023 ጀምሮ ግን በዶላር ሆነ። የዓመታቱን ግራፍ ስሠራ 2023 መጀመሪያ ላይ መስመሩ ግድግዳ ላይ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ተሰቀለ፣ ሁሉም ፈንድ በአንድ ኳርተር (ሩብ ዓመት) ሺህ እጥፍ ሀብታም ሆኗል። ለካ ያደገ ነገር የለም። ዶክመንቱ ላይ መጻፍ ያለበት «ቱሉ የድሮውን በ1,000 አባዝቶ ነው የሚያሳየው» ነው፣ ቀኑም የሚታየው ሪፖርቱ ስለየትኛው ኳርተር ነው በሚለው ሳይሆን መቼ ገባ በሚለው መሆኑን ጨምሩበት፣ የ2022 የመጨረሻው ኳርተር የገባው 2023 ላይ ነውና። ከለውጡ በኋላም በልማድ በሺህ የሞላ ካለ ለመያዝ እኔ ዋጋውን በሼር ብዛት አካፍዬ የአንዱን ዋጋ አያለሁ፣ አንድ የአፕል ሼር 17 ሳንቲም ከወጣ ነገር አለ።

ሦስተኛው ፑትና ኮል ነው፣ ፑት አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት ነው፣ ኮል ደሞ የመግዛት። 2023 ኦገስት ላይ የፈንድ አስተዳዳሪው ማይክል በሪ በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ገበያው ይወድቃል ብሎ ተወራረደ ተብሎ አገር ምድሩ ተንጫጫ፣ የፈንዱ የሳይኦን 13ኤፍ ላይ ሁለት ትልልቅ ፑቶች ስለነበሩ ነው። ነገር ግን እዛ ኮለም ላይ የሚጻፈው ፑቱ የቆመበት አክሲዮን ዋጋ እንጂ ሰውዬው ለፑቱ የከፈለው አይደለም፣ የከፈለውን ፎርሙ አይጠይቅም። ስለዚህ ፑት ያለበትን መስመር ከተራ አክሲዮን ጋር አትደምሩት፣ ለብቻው አሳዩትና ለምን ለብቻው እንደሆነ ይሄንኑ ታሪክ ጻፉ፣ ሰው ታሪክ ይይዛል።

የቀረው ቶሎ ይባል። ሾርት (ዋጋው ይወድቃል ብሎ ተበድሮ የሸጠው) 13ኤፍ ላይ የለም፣ ጥሬ ገንዘብ የለም፣ አሜሪካ ያልተዘረዘረ የውጭ አክሲዮን የለም። ዝርዝሩ የኳርተሩ የመጨረሻ ቀን ፎቶ ነው፣ እናንተ ስታዩት 45 ቀን ሊሞላው ይችላል፣ በመሀል ሁሉንም ሸጦ ይሆናል። ከዚህም በላይ ኮሚሽኑ ከፈቀደ ፈንዱ የተወሰነውን ለጊዜው ደብቆ ማቆየት ይችላል፣ በርክሻየር ቸብ የሚባለውን የኢንሹራንስ ኩባንያ አክሲዮን ሲሰበስብ እንደዛ ቆይቶ ነው ሜይ 2024 ላይ የታየው። «ያዘ» የሚለውንም ቃል አብራሩት። ብላክሮክ ወይም ቫንጋርድ የሚባሉት ትልልቅ ፈንድ አስተዳዳሪዎች ይሄን ያህል ይዘዋል ስንል የደንበኞቻቸውን ገንዘብ ነው የያዙት፣ የሚያዙበት እንጂ የኪሳቸው አይደለም። እኔ ሰንጠረዡ ላይ «ባለቤት» የሚለውን አውጥቼ «የሚያዝበት» ብዬዋለሁ፣ እቁብ ሰብሳቢ ብር ስለያዘ ብሩ የሱ ነው እንዴ ብዬ ሳስረዳቸው ወዲያው ገባቸው።

6. 13ዲ እና 13ጂ ላይ ቀኖቹን ለይታችሁ አሳዩ

እዚህ ሁለት ቀን አለ፣ 5 በመቶው የታለፈበት ቀንና ሪፖርቱ የገባበት ቀን። ድሮ መሀላቸው 10 ቀን ይፈቀድ ነበር፣ ከፌብሩዋሪ 5 ቀን 2024 ጀምሮ 13ዲ በ5 የሥራ ቀን ሆኗል። የ13ጂ ቀነ ገደብ ደሞ እንደ አስገቢው ዓይነት ይለያያል፣ ትልልቆቹ ተቋማት ኳርተሩ ካለቀ በኋላ 45 ቀን አላቸው።

ቀነ ገደብ አለ ማለት ደሞ ሁሉም በቀኑ ያስገባል ማለት አይደለም። ኢላን መስክ የትዊተርን 9.2 በመቶ መያዙን የገለጸበት 13ጂ የገባው ኤፕሪል 4 ቀን 2022 ነው፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው የክንውኑ ቀን ግን ማርች 14 ነው። ኤስኢሲ በዚህ ጉዳይ አርፍደሃል ብሎ ጃንዋሪ 2025 ላይ ከሶታል። ቱላችሁ የገባበትን ቀን ብቻ ካሳየ አንባቢው ሰውዬው ኤፕሪል 4 የገዛ ይመስለዋል፣ ሁለቱም ኮለም ይኑር።

ሌላ፣ እነዚህ ሪፖርቶች ማሽን በሚያነበው ቅርጽ መግባት ግዴታ የሆነባቸው ከዲሴምበር 18 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ከዛ በፊት ያለው ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፣ እያንዳንዱ ጠበቃ በራሱ አጻጻፍ። የኔ ቱል ከዛ ቀን በፊት ያለውን ሊንኩን ብቻ ይሰጣል፣ ቁጥር አያወጣም፣ ይሄን በግልጽ ጽፌዋለሁ። ባዶ ቦታ አይታችሁ «ማንም አልያዘም» እንዳትሉ ነው።

7. ሰዓት

አጭር ናት ግን ትጠየቃላችሁ። ኤድጋር የሚሄደው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ነው፣ ፎርም 4 እስከ ማታ 10 ሰዓት በነሱ፣ ማለትም በኛ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት ከገባ የዛኑ ቀን ቀን ይይዛል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ያንን ሲያየው በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ቀኑ ግን የትናንት ነው የሚለው። የኛን ልጆች «10 ሰዓት» ብላችሁ ዝም ካላችኋቸው ደሞ ከሰዓት በኋላ ይመስላቸዋል፣ ሁለቱንም ጻፉ።

8. የታረመ ሪፖርትና የደረሰኝ ቁጥር

ከፎርሙ ስም ኋላ እዝባርና ኤ ካለ እርማት ነው። የ13ኤፍ እርማት ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ የበፊቱን ሙሉ በሙሉ ይተካል፣ ሌላው በበፊቱ ላይ ይጨምራል፣ ተቀላቅለው ከተነበቡ ወይ እጥፍ ይሆናል ወይ ይጎድላል። ቱሉ የትኛውን እንደወሰደ የሚናገር ኮለም ይኑረው።

እያንዳንዱ መስመር ላይ ደሞ የደረሰኝ ቁጥሩን አትሙ፣ 18 አኃዝ ነው፣ መጀመሪያው 10 ያስገባው አካል ሲአይኬ፣ ቀጥሎ 2 አኃዝ ዓመት፣ የቀረው 6 ተራ ቁጥር። መጀመሪያው 10 ብዙ ጊዜ የኩባንያው አይደለም፣ ሪፖርት በማስገባት የሚተዳደር ወኪል ነው፣ እሱን ተከትላችሁ ኩባንያ እንዳትፈልጉ። ጥቅሙ ማንም ሰው የእናንተን ሰንጠረዥ ሳያምን ሄዶ ዋናውን ማየት እንዲችል ነው። «የድሮው ጠፋ» ለሚለውም መልስ ይኑራችሁ፣ ያ የጄሰን ዝርዝር ቅርብ ጊዜውን ነው የሚይዘው፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ወይም 1,000 ሪፖርት፣ የሚበልጠውን። ከዛ የቀደመው በሌላ ፋይል ነው ያለው፣ ስሙም እዛው ዝርዝር መጨረሻ ላይ አለ።

9. ለማያውቅ ሰው ስጡትና ዝም በሉ

ሁሉን ጽፌ ስጨርስ እህቴን አስቀምጬ ላፕቶፑን ሰጠኋት፣ እሷ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ኮድ አታውቅም። ሕጉ አንድ ነው፣ እኔ አልናገርም፣ የቆመችበትን ቦታ እጽፋለሁ። ዩዘር ኤጀንቱን ራሷ ሞላች፣ የአፕልን አወጣች፣ ኤፍ ግራጫ የሆነበትን አንብባ «እሺ ታክስ ነው» አለች፣ ደስ አለኝ። ከዛ አንድ መስመር ላይ ቆመች፣ ቆየች፣ ቡናዋን ጠጣች፣ መልሳ አየችው።

«ይሄ ዲ ምንድነው? እዚህም ዲ፣ እዚህም ዲ ይላል።»

እውነቷን ነው። ፎርም 4 ላይ አንዱ ዲ ከእጁ ወጣ ማለት ነው፣ የኤ (ገባ) ተቃራኒ። ሌላው ዲ በቀጥታ በራሱ ስም የያዘው ማለት ነው፣ የአይ (በሌላ በኩል የያዘው) ተቃራኒ። የግብይት ኮዶቹ ውስጥ ደሞ ሦስተኛ ዲ አለ፣ አክሲዮኑን ለኩባንያው ለራሱ መለሰ ማለት። ሦስቱም አንድ መስመር ላይ ሊገጣጠሙ ይችላሉ፣ እኔ ለወራት ሳየው ስለኖርኩ ዓይኔ ለምዶታል። «ዶክመንቱ ላይ ላብራራው» ስላት «ለምን? ፊደሉን አውጣውና ቃሉን ጻፈው» አለችኝ። ያን ማታ ሦስቱንም ኮለም «ወጣ»፣ «በቀጥታ»፣ «ለኩባንያው መለሰ» አደረግኳቸው፣ ስለነሱ ጽፌ የነበረውን ግማሽ ገጽም አጠፋሁት።